የኋላ ጎማ የሚያረጥበው የትኛው ዘይት ነው?

በቆየ ፒካፕ የኋላ ጎማ በውስጥ በኩል ረጥቦ ካያችሁ፣ የፍሬን ዘይት ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ይቺን ሞክሩ። ከእርጥበቱ ጥቂት ጠብታ በእንጨት ጫፍ ወስዳችሁ ንጹህ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ አማስሉት። ተቀላቅሎ ከጠፋ የፍሬን ዘይት ነው። ላይ ላዩን ተንሳፍፎ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ከሠራ ደግሞ ከዲፈረንሻል (የኋላ ጎማዎችን ከሚያዞረው የማርሽ ሳጥን) የመጣ የማርሽ ዘይት ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት የፍሬን ዘይቶች ከውሃ ጋር ይዋሃዳሉ፤ የማርሽ ዘይት ግን እንቢ ይላል። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ስለማይቀላቀል በዚህ ዘዴ አይለይም። የትኛውም ቢሆን የፍሬን ሸራውን ካራሰው ሸራው ይቀየር። የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል፣ ቦዲውን ከነካ ወዲያው በውሃ እጠቡት። የፍሬን ፔዳሉ እየሰመጠ ከሆነ ግን ሙከራውን ተዉት፤ እባካችሁ መኪናውን አትንዱት፣ አስጎትቱት።