ጠመንጃ የሌለው አደን፦ አዲስ የተከፈተ የወንዝ ዳር በእግር እንዴት ይቃኛል?

መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ጠመንጃ ይዞ የሚታደንበት ቦታ የለም፤ እሰየው! ለዓይን አደን ግን ቦታው እየሰፋ ነው። አንድነት ፓርክና ወዳጅነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈቱ። አሁን ደግሞ ቆሻሻ ይጣልባቸው የነበሩ የወንዝ ዳሮች የእግረኛ መንገድ እየሆኑ ነው። ብዙ ሰው ፎቶ ተነስቶ፣ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል። ወፍ ፍለጋ የሚወጣ ግን እንዲህ ያድርግ።

መጀመሪያ ስልካችሁ ላይ የሳተላይት ካርታ ክፈቱ። መንገዱን ተዉትና ትልልቅ ዛፎችን ፈልጉ። አዲስ ፓርክ ውስጥ የተተከለው ችግኝ ገና ልጅ ነው፤ ወፍ አያሳድርም። ወፎቹ የሚያድሩት አጠገቡ ባለው የቤተ ክርስቲያን ወይም የኤምባሲ ግቢ፣ በአሮጌ ጽድና ወይራ ላይ ነው። ስለዚህ አዲሱ ቦታ ከአሮጌው ግቢ የሚዋሰንበትን አጥር ምልክት አድርጉበት። ዋናው ሥራ እዚያ ነው።

ከዚያ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ትኬት የሚቆረጥባቸው ፓርኮች መቼ እንደሚከፈቱ ቀድማችሁ ጠይቁ። የከተማችን ወንዞች ከእንጦጦ ወርደው በአብዛኛው ወደ ደቡብ ወደ አቃቂ ይፈሳሉ። በጠዋት በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳር ይዛችሁ ብትሄዱ ወደ ወንዙ ስታዩ ፀሐይ ከኋላችሁ ትሆናለች፤ የላባው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንዴ ሳትቆሙ ዳር እስከ ዳር ሂዱ። ከዛፍ ሥር ነጭ ኩስ ካያችሁ ቀና በሉ፤ ማደሪያ ነው። ስትመለሱ ምልክት ያደረጋችሁበት አጥር ጋ ቁጭ በሉና ዝም በሉ። ለጀማሪ ከባዱ ይሄ ነው።

ሣር ላይ በቡድን እየሄደ በረጅም ጎባጣ መንቁሩ መሬት የሚጎረጉር ጠቆር ያለ ወፍ ታያላችሁ። ሲነሳ ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል፤ ጩኸቱ ሰፈር ይቀሰቅሳል። በእንግሊዝኛ ዋትልድ አይቢስ (Wattled Ibis) ይባላል፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ አይገኝም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓ የመጡ እንግዶች ይጨመራሉ።

ቤተ መንግሥት አካባቢ ግን ቢኖኩላር አንገት ላይ አንጠልጥሎ መዞር ጣጣ አለው። ቦርሳ ውስጥ ይግባ፤ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃውን አናግሩ። ውኃውን አትንኩ፤ ዳሩ ቢያምርም ፍሳሹ ገና አልጠራም። ክረምት ላይ ዝናብ ከጣለ ከጠርዙ ራቁ፤ ደራሽ ውኃ ከላይ ሳይታሰብ ይመጣል።