በቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ሊገባ ያሰበ ልጅ ከዘመድ አዝማድ የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «አካውንቲንግ ግባ፣ ባንክ ትቀጠራለህ»። ምክሩ ከቅን ልብ ነው የሚመጣው። ዳሩ ግን ብዙ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የሚደናቀፍበት ስህተት ከዚሁ ይጀምራል፤ ትምህርቱን ስሙን ብቻ ሰምቶ ይይዘዋል፣ በሃንድአውቱ (ለተማሪ በሚታደለው የኮርስ ማስታወሻ) ላይ ያለውን ቁጥርም ደጅ ካለው ገበያ ጋር ሳያገናኝ አራት ዓመት ይገፋል።

ዲፓርትመንትን በስሙ መምረጥ

ኢኮኖሚክስ «የገንዘብ ወሬ» የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። በተግባር ካልኩለስ፣ ስታቲስቲክስና ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ መተንተን) ይጠብቁታል፤ ሒሳብ የሚከብደው ልጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ይንገዳገዳል። አካውንቲንግና ፋይናንስ በተቃራኒው ከመደመርና ከመቀነስ፣ ከማባዛትና ከማካፈል ብዙም አያልፍም፤ ከባዱ ነገር አንድን ግብይት በትክክለኛው የሒሳብ መደብ ማስቀመጥ ነው። ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን ግዥን፣ መጋዘንንና ትራንስፖርትን ይመለከታል፤ ከቡሬ አንድ መኪና በቆሎ አዲስ አበባ እስኪደርስ በየመንገዱ የሚጨመረውን ወጪ ማስላት የዚህ ሙያ ሥራ ነው። ማኔጅመንትና ማርኬቲንግ ደግሞ ጽሑፍና ንግግር ለሚቀናው ይስማማሉ።

ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት የየዲፓርትመንቱን የኮርስ ዝርዝር ጠይቁና የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ኮርሶችን አንብቡ። ምደባው የሚወሰነው ባብዛኛው በአንደኛ ዓመት ውጤት ስለሆነ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ኮርስን «ማለፍ ይበቃል» ብሎ መያዝም ዋጋ ያስከፍላል። በ30 ክሬዲት ውስጥ አንድ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ከቢ ወደ ሲ ሲወርድ አማካይ ውጤቱ በ0.10 ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ሁለት ኮርስ ላይ ከተደገመ ግን የመጀመሪያ ምርጫን ሊያሳጣ ይችላል።

በአሮጌ ሃንድአውት ማጥናት

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ምክንያቱም ተማሪው ጠንክሮ እየሠራ ይሳሳታል። ከሲኒየር ወደ ጁኒየር የሚተላለፉ የፎቶ ኮፒ ሃንድአውቶች ብዙዎቹ የተሻረ ሕግ ወይም የተሳሳተ አሠራር ይዘዋል።

አንደኛው የደመወዝ ሒሳብ ነው። አሮጌዎቹ ከግብር ነጻ የሆነውን ደመወዝ 600 ብር ያደርጉታል። በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይህ መጠን 2,000 ብር ሆኗል፣ እርከኖቹም ተቀይረዋል። 10,000 ብር የሚከፈለው ሠራተኛ ግብሩ የደመወዙ 25 በመቶ፣ 2,500 ብር፣ የእርከኑ ተቀናሽ 850 ብር ሲነሳለት 1,650 ብር ነው። ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር፤ እጁ ላይ የሚደርሰው 7,650 ብር ነው። አሠሪው የሚጨምረውን 11 በመቶ፣ 1,100 ብር፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚቀንስ ተማሪ ብዙ ነው፤ ይህ ግን የድርጅቱ ወጪ ነው። ለጡረታ የሚገባው ድምር 1,800 ብር ነው።

ሁለተኛው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ታክሱን ጨምሮ በ11,500 ብር ሸጠ እንበል። ብዙዎች 11,500ን በ15 በመቶ አባዝተው 1,725 ብር ይላሉ። 15 በመቶው የሚሰላው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ 11,500 ለ1.15 ይካፈላል። ሽያጩ 10,000፣ ታክሱ 1,500 ብር ይሆናል። በመዝገቡ ጥሬ ገንዘብ 11,500 ዴቢት (በግራ)፣ ሽያጭ 10,000 ክሬዲት (በቀኝ)፣ የሚከፈል ታክስ 1,500 ክሬዲት። ታክሱን ገቢ አድርጎ የመዘገበ ነጋዴ የመንግሥትን ገንዘብ እንደ ትርፉ ቆጥሮታል።

ሦስተኛው የዕቃ ክምችት ነው። በአሜሪካ መጻሕፍት ላይ የተመሠረቱ ሃንድአውቶች «የኋለኛው ቀድሞ ይወጣል» የሚለውን፣ መጨረሻ የተገዛው ዕቃ መጀመሪያ እንደተሸጠ የሚቆጥረውን ዘዴ ያስተምራሉ። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ ግን ይህን ዘዴ አይፈቅድም። ልዩነቱን በእህል ነጋዴ እንየው። 10 ኩንታል ጤፍ ኩንታሉን በ12,000፣ ኋላ 10 ኩንታል ኩንታሉን በ14,000 ብር ገዝቶ 12 ኩንታል ሸጠ እንበል። የፊተኛው ቀድሞ ከወጣ የተሸጠው ዕቃ ዋጋ 148,000 ብር፣ በአማካይ ዋጋ 156,000፣ በተከለከለው ዘዴ 164,000 ብር ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ በተከለከለው ዘዴ ትርፉ ከመጀመሪያው ዘዴ በ16,000 ብር አንሶ ይታያል፤ ግብሩም አብሮ ያንሳል። ይህን ያየ ተማሪ ሕጉን መሸምደድ አያስፈልገውም።

የአምስት ዓመት ብርን ከዛሬ ብር ጋር መደመር

በፋይናንስ ኮርስ የዛሬ ዋጋ ቀመር (ወደፊት የሚገኝ ብር ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ የሚያሰላው) በቃል ይያዛል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል። አዊ ውስጥ ግን ከዲከረንስ ዛፍ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም። ገበሬው ችግኝ ይተክላል፣ አራት አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ከዚያ ቆርጦ ከሰል ያከስላል። 100,000 ብር ወጥቶ በአምስተኛው ዓመት 180,000 ብር ቢገኝ ተማሪው «80,000 ብር ትርፍ» ይላል። በዓመት 15 በመቶ የወለድ መጠን ሲሰላ ግን 180,000 ለ2.0114 ተካፍሎ የዛሬ ዋጋው 89,500 ብር ገደማ ነው፤ ወደ 10,500 ብር ኪሳራ። በ10 በመቶ ሲሰላ ደግሞ 11,800 ብር ገደማ ትርፍ ያሳያል። መጠኑን ከየት እንዳመጣችሁት ካልጻፋችሁ መልሱ ዋጋ የለውም።

ሌላም ይረሳል። በደቦና በወንፈል የተሠራ ሥራ ነጻ አይደለም፤ የምግቡና የጠላው ወጪ አለ፣ ወንፈሉም በጉልበት ይመለሳል። መሬቱ ሊሰጥ ይችል የነበረው ገብስና ድንች ወጪ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር የሚዘራው ጤፍ ደግሞ ገቢ ነው። ዛፉን በቅርብ ዓመታት ያገኘው በሽታም ስላለ ምርቱ በግማሽ ቢቀንስ ምን እንደሚሆን ሁለተኛ ስሌት ሥሩ።

የመመረቂያ ጥናት

ርዕስ ማስፋት የታወቀ ነው። «በአማራ ክልል» ከሚል ርዕስ «በሞጣ ከተማ በእህል ነጋዴዎች» የሚለው ይበልጣል፤ በአንድ ሴሚስተር ሊያልቅ ይችላል።

ናሙና ላይ የያማኔን ቀመር (ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን) ሁሉም ይጽፋል። የነጋዴዎቹ ጠቅላላ ቁጥር 400፣ የሚፈቀደው ስህተት 0.05 ከሆነ ናሙናው 200 ነው። ከዚያ 10 በመቶ መልስ ላይሰጥ ይችላል ተብሎ 220 ይደረጋል። ይህ ትንሽ ይሳሳታል፤ 200 ለ0.9 ተካፍሎ 223 ሰው ያስፈልጋል። ትልቁ ስህተት ግን ቀመሩን ጽፎ መጠይቁን ላገኙት ሰው ማደል ነው። ቀመሩ የሚሠራው ዝርዝር ተይዞ፣ እያንዳንዱ ነጋዴ እኩል የመመረጥ ዕድል ሲኖረው ነው። ከንግድ ጽሕፈት ቤት ዝርዝሩን በድጋፍ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ቁጥር ሰጥታችሁ በዕጣ አውጡ።

መጠይቁ በእንግሊዝኛ እንደተጻፈ ወደ ገበያ አይወጣም። ወደ አማርኛ መልሱት፣ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፣ ሁለቱን አስተያዩ፤ እንጅባራና ዳንግላ አካባቢ አዊኛ የሚናገር ረዳት ያዙ። ነጋዴን «በወር ስንት ታገኛለህ?» ብትሉት የግብር ሰው ትመስሉታላችሁ። መታወቂያና ደብዳቤ አሳዩ፣ «ባለፈው ሳምንት ስንት ኩንታል ሸጡ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፣ ገቢን በእርከን አስመርጡ። በገበያ ቀን ግፊያው ሲበዛ አትሂዱ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት በሰኔ ጊዜ የላቸውም፤ መረጃችሁን እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሰብስቡ።

አታችመንት

አታችመንት (በመሥሪያ ቤት የሚደረግ የሥራ ልምምድ) ፎቶ ኮፒ በማንሳት እንዳያልፍ በመጀመሪያው ቀን አንድ የተወሰነ ሥራ ጠይቁ፤ ለምሳሌ የባንክ ማስታረቂያ (የድርጅቱንና የባንኩን መዝገብ ማመሳከር) ወይም የዕቃ ቆጠራ። የሠራችሁትን በየቀኑ መዝግቡ።

መውጫ ፈተናን ለመጨረሻው ወር መተው

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ በኮምፒውተር የሚሰጠውን ሀገር አቀፍ መውጫ ፈተና በ50 በመቶ ማለፍ አለበት። ፈተናው የሚጠይቀው የሁሉንም ዓመት ዋና ዋና ኮርሶች ስለሆነ የሁለተኛ ዓመት ኮርስ የረሳ ተማሪ ይቸገራል። ከአራተኛ ዓመት መስከረም ጀምሮ በሁለት ሳምንት አንድ ኮርስ ይያዝ፤ አካውንቲንግ የሚማሩ በኮስት አካውንቲንግ (የምርት ወጪ ሒሳብ) ይጀምሩ፣ ልምምድ የሚፈልገውና ቶሎ የሚረሳው እሱ ነው። ጥያቄዎቹን ከጓደኛ ጋር ከመወያየታችሁ በፊት ለየብቻችሁ ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ የተሳሳታችሁባቸውንም ከነምክንያታቸው በአንድ ደብተር ጻፉ።