ዝግ ያለ ትንፋሽ የወገብ ሕመምንና ጭንቀትን ያቀልላልን? በጤና ጣቢያ ውስጥ ጥናት ለማካሄድ የሚረዳ መመሪያ

ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት፣ በአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የምትውል ወጣት፣ ከኮዬ ፈጬ እስከ መሀል ከተማ በአውቶቡስ ቆሞ የሚመላለስ ሠራተኛ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ የሚናገሩት ተቀራራቢ ነው፤ ወገቤን ይቆርጠኛል፣ እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ ሐሳብ በዛብኝ ይላሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ የዳይክሎፌናክ መርፌ ወይም እንክብል ነው። መድኃኒቱ ለጥቂት ቀናት ቢረዳም ለወራት ሲወሰድ ጨጓራን ሊያደማና ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከመድኃኒት ጎን የሚቆም ሌላ ድጋፍ መፈለግ ተገቢ ነው። የተቀናጀ ሕክምና የሚባለው ይህ ድጋፍ ነው፤ መደበኛውን ሕክምና ሳይተካ አብሮት የሚሰጥ እንደ ዝግ ያለ ትንፋሽ፣ እንደ ማሸት፣ እንደ አካል እንቅስቃሴና እንደ አስተውሎት ልምምድ (ልብን አሁን በሚሆነው ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ) ያለ ዘዴ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው በከተማው ዳርቻ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱን በገዛ ታካሚዎቻቸው ዘንድ በትክክለኛ ጥናት እንዲፈትሹ ለመርዳት ነው።

የታካሚ ተሻለኝ ማለት ለምን ብቻውን አይበቃም

የወገብ ሕመም ይነሣል፣ ይበረታል፣ ደግሞም ይረግባል። ሰው ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ሕመሙ በበረታበት ሳምንት ስለሆነ፣ ምንም ባይደረግለት እንኳ ከወር በኋላ ሲጠየቅ ቀለል እንዳለው የመናገሩ ዕድል ሰፊ ነው። በመካከሉ ትንፋሽ ያስተማረው ነርስ ለውጡን የትምህርቱ ፍሬ አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ተሳስቷል።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም ያለባቸው 342 ሰዎች በዕጣ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን አሜሪካዊው ምሁር ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን የ8 ሳምንት የአስተውሎት ሥልጠና፣ ሁለተኛው አስተሳሰብንና ልማድን የሚያርም የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ሦስተኛው የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኘ። ከ26 ሳምንታት በኋላ በዕለት ተዕለት ተግባር ጉልህ መሻሻል ያሳዩት ከአስተውሎቱ ቡድን 60.5 በመቶ፣ ከሥነ ልቦናው ቡድን 57.7 በመቶ፣ ከተለመደው ክትትል ቡድን ደግሞ 44.1 በመቶ ነበሩ። ሦስተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ ከ100 የ60ው ሰው መሻሻል በሙሉ ለሥልጠናው በተሰጠ ነበር። የሥልጠናው እውነተኛ ድርሻ ግን በ60.5 እና በ44.1 መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ከ100 ሰው 16 ያህሉ ነው። ይህን 16 ሰው እኔ እንደ ትንሽ አላየውም፤ ብዙ መርፌና ብዙ እንክብል ያስቀራልና።

በጀርመን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የአኩፓንክቸር ጥናት ደግሞ ከዚህ ራቅ ያለ ትምህርት ይሰጣል። የወገብ ሕመም ካለባቸው 1,162 ሰዎች መካከል የቻይና ባህላዊ ሕክምና በሚያዘው ነጥብ ላይ በመርፌ ከተወጉት 47.6 በመቶው፣ ከነጥቡ ውጭ ላይ ላዩን ከተወጉት 44.2 በመቶው፣ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒን የመሰለ የተለመደ ሕክምና ካገኙት 27.4 በመቶው ከ6 ወር በኋላ ተሽሏቸው ተገኘ። መርፌው የትም ይወጋ የት ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ግን ሁለቱም እጅግ ይበልጣሉ። ይህ የሆነው ባለሙያው ከታካሚው ጋር በሚያሳልፈው ጊዜ፣ በእጁ ንክኪና ታካሚው በሕክምናው ላይ ባሳደረው ተስፋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእርስዎ ጥናት የትንፋሽ ቡድኑ በሳምንት 30 ደቂቃ ከነርስ ጋር የሚቀመጥ ከሆነ፣ የንጽጽር ቡድኑም 30 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ስለ ወገብ አጠባበቅ፣ ስለ ዕቃ አነሣስና ስለ አተኛኘት ትምህርት ይሰጠው። እንዲህ ካልሆነ የሚለኩት የትንፋሹን ኃይል ይሁን የነርሷን ደግነት ለይተው ሊያውቁ አይችሉም።

ጥያቄውን ማጥበብ

ትንፋሽን፣ ማሸትንና የዕፅዋት ሻይን በአንድ ጊዜ መስጠት ፈታኝ ምኞት ነው፤ ውጤት ቢገኝ ግን ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ለመጀመሪያ ጥናት ዝግ ያለ ትንፋሽን እመርጣለሁ፤ ዕቃ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ታካሚው ቤቱ ሆኖ ሊቀጥለው ይችላል። አሠራሩም ቀላል ነው። ተሳታፊው ጀርባውን ደግፎ ይቀመጣል፣ በአፍንጫው 4 ሰከንድ ያህል ወደ ውስጥ ይስባል፣ 6 ሰከንድ ያህል ቀስ ብሎ ያስወጣል፤ ይህም በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። በቀን አንድ ጊዜ ለ10 ደቂቃ፣ ለ8 ሳምንታት ይለማመደዋል። ራሱን ካዞረው ወደ ተለመደው አተነፋፈሱ እንዲመለስ አስቀድመው ይንገሩት።

ማን ይገባል የሚለው ጥያቄ ከሁሉ በፊት የደኅንነት ጉዳይ ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ሕመሙ ከ3 ወር ያለፈባቸው ሰዎች ለጥናቱ ተስማሚ ናቸው። ነገር ግን ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው የአከርካሪ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እግሩ የሚዝል ወይም የሚደነዝዝ፣ ሽንቱን ወይም ሰገራውን መቆጣጠር ያቃተው፣ ካንሰር የነበረበት ወይም በቅርቡ የወደቀ ሰው ወደ ጥናት ሳይሆን በቶሎ ወደ ምርመራ መሄድ አለበት። እነዚህን ምልክቶች በአንድ ወረቀት ጽፈው ተመላላሽ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ይለጥፉ፤ የሚመዘግበው ነርስ ወረቀቱን ሳያይ አንድም ሰው አይመዝግብ።

ሕመምን በአማርኛ መጠየቅ

ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ። የእኛ ሰው እንዴት ነዎት ሲባል እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ይህ መልስ ጨዋነት ነው እንጂ ልኬት አይደለም። ከዚህም በላይ ያስተማረችው ነርስ ራሷ ስትጠይቅ ታካሚው እንዳያሳዝናት ሕመሙን ያሳንሳል። በአንድ ጤና ጣቢያ አንዲት እናት ትንፋሹን ባስተማረቻት ሲስተር ፊት በጣም ተሽሎኛል ብላ ስትወጣ፣ በር ላይ ካርድ ክፍል ለሚሠራው ወጣት ሌሊቱን እንዳልተኛች ስትነግረው ሰምቻለሁ። ሴትየዋ አልዋሸችም፤ ለሁለቱ ሰዎች የነገረቻቸው የተለያየ ነገር ነበር። ስለዚህ የሚጠይቀው ሰው ሕክምናውን የሰጠው መሆን የለበትም፤ ተሳታፊው በየትኛው ቡድን እንዳለም ማወቅ የለበትም። ተሳታፊዎችም በየትኛው ቡድን እንዳሉ ለጠያቂው እንዳይናገሩ አስቀድሞ ይነገራቸው።

ሕመሙን ከ0 እስከ 10 ባለው መለኪያ ይጠይቁ። ማንበብ ለማይችል ሰው አሥሩን የእጅ ጣቶች መጠቀም ይቻላል፤ የታጠፈ ጡጫ ምንም ሕመም የለም ማለት ነው፣ የተዘረጉ አሥር ጣቶች ደግሞ ሊታሰብ የሚችለው ከባዱ ሕመም ናቸው። ያለፈውን ሳምንት አማካይ ሕመምና ከሁሉ የከፋውን ለየብቻ ይጠይቁ እንጂ አሁን ምን ይሰማዎታል ብለው አይወሰኑ፤ ሰው ተራ ጠብቆ አግዳሚ ላይ አርፎ ሲገባ የሚሰማው ሥራ ላይ ሳለ ከሚሰማው ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሰፊ ትንተና እንዳሳየው፣ በዚህ መለኪያ ለታካሚው ትርጉም ያለው ለውጥ የሚባለው 2 ነጥብ ያህል ወይም ከመነሻው 30 በመቶ መቀነስ ነው።

ከቁጥሩ እኩል የሚያስፈልገው የተግባር ጥያቄ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁት መጠይቆች ደረጃ መውጣትንና ካልሲ ማጥለቅን ይጠይቃሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማንሣት፣ ምጣድ ፊት ቆሞ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ አዝሎ መንገድ መሄድ፣ መስገድ፣ ታክሲ ውስጥ አጎንብሶ መግባት አለ። እነዚህን ከታወቀው መጠይቅ ጎን ይጨምሩ፤ መጠይቁን ግን በእነርሱ አይተኩት፣ ከሌሎች ጥናቶች ጋር ማነጻጸር አይቻልምና።

ጭንቀትን በተመለከተ ቃሉ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭንቀት አለብዎት ወይ ተብሎ የተጠየቀ ሰው የአእምሮ ሕመም የተባለበት መስሎት ሊሸማቀቅ ይችላል። ኬስለር 10 የሚባለው መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ በአዲስ አበባ በወላድ እናቶች ዘንድ የተፈተሸ ነው፤ ያለፉትን 4 ሳምንታት ስሜት በ10 ጥያቄዎች ይለካል፤ ስለዚህ አዲስ ከመፍጠር እርሱን መጠቀም ይሻላል። ራሱን ለማጥፋት እንደሚያስብ የሚናገር ሰው ቢያጋጥም በዚያው ቀን የሚያየው ባለሙያ ማን እንደሆነ ከጥናቱ በፊት ይወሰን።

በየሳምንቱ የወሰዱትን የማስታገሻ ብዛት ይመዝግቡ፤ ባዶውን የእንክብል ማሸጊያ ይዘው እንዲመጡ ይጠይቋቸው። ወጌሻ ዘንድ መታሸታቸውን፣ ዳማከሴ ወይም ጤና አዳም መጠቀማቸውን፣ ጠበል መጠመቃቸውንም ያለ ወቀሳ ይጠይቁ። ፊትን የሚያጠቁር ጠያቂ እውነቱን አያገኝም።

ስንት ሰው፣ እንዴት ባለ ዕጣ

በሁለቱ ቡድኖች መካከል የ2 ነጥብ ልዩነት ለማየት፣ የሕመም ቁጥሮቹ መበታተን (ከአማካያቸው የሚርቁበት መጠን) 2.5 ነጥብ ነው ብለን ብናስብ፣ በተለመደው ስሌት በእያንዳንዱ ቡድን 25 ሰው ያስፈልጋል። ከአምስት አንዱ ሊያቋርጥ ስለሚችል በቡድን 32፣ በድምሩ 64 ሰው ይመዝግቡ። የ1 ነጥብ ልዩነት ማየት ከፈለጉ ግን በቡድን ወደ 98 ይወጣል፤ ይህ ለአንድ ጤና ጣቢያ ከባድ ነው፣ ሁለት ወይም ሦስት ጣቢያዎች ቢተባበሩ ይቻላል።

ዕጣው እውነተኛ ዕጣ ይሁን። ሰኞ የመጣው ወደዚህ፣ ማክሰኞ የመጣው ወደዚያ ማለት ዕጣ አይደለም፤ የገበያ ቀን የሚመጣው ሰው ከሌላው ቀን ሰው ይለያል። ብርሃን የማያሳልፉ 64 ፖስታዎች ያዘጋጁ፣ በ32ቱ ትንፋሽ፣ በ32ቱ ትምህርት የሚል ወረቀት ይክተቱ፣ ይደባልቋቸው፣ ከዚያ በኋላ ከ1 እስከ 64 ቁጥር ይጻፉባቸው። ፖስታው የሚከፈተው ታካሚው ፈቃዱን ሰጥቶ፣ የመነሻ መጠይቁ ተሞልቶ፣ ስሙ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ ነው። የሚያስተምረው ነርስ ፖስታዎቹን እንዳይዝ ያድርጉ፤ የተቸገረች እናት ሲያይ ርኅራኄው ወደሚያምንበት ቡድን እንዲያስገባት ሊገፋፋው ይችላል።

ፈቃድ እና የቀን መቁጠሪያ

ጣቢያው በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ከሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ ከከተማው ጤና ቢሮ ወይም አብሮ ከሚሠራ ዩኒቨርሲቲ ይጠየቃል። በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ ከሆነ ግን እነዚህ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ስለሆኑ ጉዳዩ ወደ ኦሮሚያ ጤና ቢሮ ይሄዳል፤ መጠይቁም በአፋን ኦሮሞ መዘጋጀት አለበት። የስምምነት ቅጹ ለማያነብ ሰው ምስክር ባለበት ይነበብ፣ አሻራ ይፈረምበት፤ አልሳተፍም ያለ ሰው ሕክምናው እንደማይቀርበት በግልጽ ይጻፍ። የመጀመሪያው ሰው ከመመዝገቡ በፊት ጥናቱን ደቡብ አፍሪካ በሚገኘው የመላ አፍሪካ የክሊኒክ ሙከራዎች መዝገብ ያስመዝግቡ።

ጊዜውን ሲመርጡ ክረምትን ይተዉ፤ በዳርቻው ሰፈር ጭቃው መንገድ ሲዘጋ ተሳታፊው ይቀራል። ሁዳዴና ሰሙነ ሕማማትም የስግደት ጊዜያት ስለሆኑ ወገብ ላይ የራሳቸውን ጫና ይጨምራሉ፤ ይህ ሁለቱን ቡድኖች እኩል ቢነካም ልዩነቱን ያደበዝዛል። የረመዳን ጾምም የምግብና የእንቅልፍ ሰዓትን ይለውጣል። በጥቅምት መጀመሪያ ተመዝግቦ በታኅሣሥ የሚጠናቀቅ የ8 ሳምንት መርሐ ግብር ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስልክ የሌለውን ሰው ለማግኘት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ያማክሩ፤ ቤቱን የምታውቀው እርሷ ናት።

ጥናቱ በጣቢያው ሠራተኞች ጭንቀት ላይ ከሆነ አንድ ነገር ይለወጣል፤ መልሱን የጣቢያው ኃላፊ ፈጽሞ ማየት የለበትም። የሌሊት ተረኛ ነርስ ድካሟን የምትናገረው መልሷ ለዕድገቷ ወይም ለዝውውሯ ምክንያት እንደማይሆን ስታምን ብቻ ነው።

ውጤቱን ሲሠሩ

እያንዳንዱን ሰው ዕጣው ባገባው ቡድን ይቁጠሩት፤ ልምምዱን በሦስተኛው ሳምንት የተወውንም ጭምር። የተዉትን ከትንፋሽ ቡድኑ ካወጡ የሚቀሩት ትጉዎቹ ብቻ ይሆናሉ፣ ውጤቱም ያለአግባብ ያምራል። ከመጀመሪያው ዋናው መለኪያ በ8ኛው ሳምንት ያለው አማካይ ሕመም ነው ብለው ከጻፉ፣ ሕመሙ ሳይቀንስ እንቅልፉ ቢሻሻል እንቅልፉን ዋና ውጤት አድርገው አያቅርቡ፤ ሁለቱንም እንደነበሩ ይጻፉ። ልዩነት ካልተገኘም ያሳትሙት፤ ሌላ ጣቢያ በዚያው መንገድ ጊዜውን እንዳያጠፋ ይረዳዋል። ራሱን ያዞረው፣ ሕመሙ የባሰበት ሰው ካለም ቁጥሩ ከውጤቱ ጎን ይቀመጥ።

ትንፋሹ ጠቅሞ ከተገኘ የንጽጽር ቡድኑ አባላት ያንኑ ልምምድ ሊማሩ ይገባል። የሚማሩበትን ሳምንት በተመዘገቡበት ቀን በቀጠሮ ካርዳቸው ላይ ይጻፉላቸው፣ ነርሱንም ለዚያ ሳምንት ከሌላ ተራ ነፃ ያድርጉት።