ጂም ውስጥ የሚያስቸግር ኢርፎን፦ ችግሩ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቤት ውስጥ ምንም የማይለው ኢርፎን ጂም ሲገባ ይወልቃል፣ ይቆራረጣል፣ አንዱ ወገን ዝም ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ወደ ሱቅ ይሄድና ውድ የሆነውን ይገዛል፤ ችግሩ ግን አብሮት ይመለሳል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የትኛው ችግር እንደገጠመዎ ይለዩ። ከታች ካሉት አንዳንዶቹ ያለ ምንም ወጪ ይስተካከላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቀጥሎ ምን ዓይነት መግዛት እንዳለብዎ ይነግሩዎታል።

እየላላ ይወድቃል

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ ማለትም ጆሮ ውስጥ የሚገባው የሚቀየረው ለስላሳ ጫፍ። ከሳጥኑ ሲወጣ የተገጠመለት መካከለኛው ጎማ ነው፤ ትንሹና ትልቁ በላስቲክ እንደታሸጉ መሳቢያ ውስጥ ይቀራሉ። የአንድ ሰው ቀኝና ግራ ጆሮ እንኳ እኩል ላይሆን ይችላል። በዚያ ላይ ጥርስ ነክሰው ክብደት ሲያነሱ መንጋጋ ይንቀሳቀሳል፤ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ የጆሮ ቀዳዳ ቅርፁን ይለውጣል። ቆመው ሲሞክሩት የጸናው ስኳት ላይ የሚወልቀው ለዚህ ነው።

አገባቡንም ያስተካክሉ። ቀኙን ሲያስገቡ ግራ እጅዎን በራስዎ ጀርባ አዙረው ቀኝ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ። ቀዳዳው ቀና ይላል። ኢርፎኑን አስገብተው በትንሹ ወደ ኋላ ያዙሩትና ጆሮዎን ይልቀቁ። ከዚያ አፍዎን አምስት ጊዜ በሰፊው ከፍተው ይዝጉ፣ 20 ጊዜ ይዝለሉ። ከላላ የጎማውን መጠን አንድ ቁጥር ከፍ ያድርጉ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ካመመዎ አንድ ቁጥር ይቀንሱ። ለግራና ለቀኝ የተለያየ ቁጥር መግጠም ምንም ነውር የለውም።

የሲሊኮን ጎማው በላብ የሚንሸራተት ከሆነ የስፖንጅ ጎማ ይሞክሩ። በጣት ጨምቀው ያስገቡትና ተነፍቶ ቀዳዳውን እስኪሞላ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይዘው ይቆዩ። ስፖንጅ ላብ ስለሚጠጣ ቶሎ ያረጃል። ሲገዙም ጎማው ተገጥሞ ኬዙ (ኢርፎኑ የሚቀመጥበትና ቻርጅ የሚደረግበት ሳጥን) በደንብ መዘጋቱን ያረጋግጡ፤ ካልተዘጋ ኢርፎኑ ቻርጅ አያደርግም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ቅርፁ ለእርስዎ አይሆንም ማለት ነው። ለሩጫና ለዝላይ በጆሮ ላይ የሚንጠለጠል መንጠቆ ያለውን ይምረጡ። ቤንች ላይ ተኝቶ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከጆሮ ወደ ውጭ የማይወጣ ትንሽ አካል ያለው ይሻላል። ጎማ የሌላቸው ደረቅ ፕላስቲኮች የሚቀየር ቁጥር ስለሌላቸው፣ አንዴ ከወደቁ መውደቃቸውን አይተዉም።

ቤዙ ጠፋ፣ ድምፁ ቀጠነ

ሙዚቃ ከፍተው ኢርፎኑን በጣት በቀስታ ጫን ያድርጉት። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ከተመለሰ ዕቃው ደህና ነው፤ አየር እያስገባ ያለው ጎማው ነው። ድምፅ መጨመር መፍትሄ አይደለም። የጂሙ ስፒከር ድምፅ በክፍተቱ እየገባ ሳለ በላዩ ተጨማሪ ድምፅ ጆሮዎ ላይ መጫን ብቻ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ወደ 90 ዴሲቤል ሲወጣ ወደ 4 ሰዓት ገደማ ይወርዳል። ከጂም ሲወጡ ጆሮዎ የሚጮህ ከሆነ ከልክ አልፏል።

ትሬድሚል ላይ እርምጃው ጆሮ ውስጥ ዱም ዱም ይላል

ይህ ብልሽት አይደለም። ጆሮ ሲደፈን በአጥንት በኩል የሚመጣው የእግር ምት መውጫ ያጣል። የውጭ ድምፅ የሚያሳልፈውን ሁነታ ያብሩ፤ ከሌለው ለሩጫ ብቻ ጆሮ የማይደፍን ዓይነት ይጠቀሙ። ባለ ሽቦ ከሆነ ደግሞ ሽቦው ከልብስ ጋር ሲፋተግ ያንሿሿል፤ ከጆሮ በላይ አዙረው ልብስዎ ላይ በመቆንጠጫ ይያዙት።

ይቆራረጣል

ብሉቱዝ የሚሠራው በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ብዙ ዋይፋይም በዚያው ላይ ነው። የሰው ገላ ደግሞ ይህን ሞገድ በደንብ ይውጣል። ስልኩ የኋላ ኪስ ውስጥ ሲሆን በመካከል ያለው የእርስዎ ሰውነት ነው። ወደ ፊት ኪስ ወይም ወደ ክንድ ማሰሪያ ያዛውሩት፤ አንዱ ወገን ብቻ ከተቆራረጠ በዚያው ወገን ያድርጉት። ስልኩን ፊት ለፊትዎ አስቀምጠውም ከተቆራረጠ ከስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ሰርዘው እንደገና ያገናኙት።

አንዱ ወገን ድምፁ ወረደ ወይም ቻርጅ አያደርግም

ድምፁ ከወረደ ከጎማው ሥር ያለችውን፣ ድምፅ የሚወጣባትን ወንፊት ይመልከቱ። የጆሮ ኩክና ላብ ተቀላቅለው ይደፍኗታል። ጎማውን ያውልቁ፤ ወንፊቷን ወደ ታች አዙረው በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉ። ወንፊቷ ወደ ላይ ከሆነች ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። መርፌ አይጠቀሙ፣ በአፍም አይንፉ፤ ትንፋሽ እርጥበት አለው።

ቻርጅ የማያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ በጨው ነው። ላብ ሲደርቅ ጨው ይተዋል። እርጥቡን ኢርፎን ኬዝ ውስጥ ሲከቱት ኤሌክትሪክ ከጨውና ከእርጥበት ጋር ተገናኝቶ የብረት ነጥቦቹን ይበላቸዋል። በጆሮ ኩክ መጥረጊያ ጥጥ ላይ ጥቂት 70 በመቶ አልኮል ነክተው ነጥቦቹንና የኬዙን ፒኖች ይጥረጉ፤ ሳይደርቅ አይዝጉ። የእጅ ሳኒታይዘር ጄል አይሆንም፤ የሚያጣብቅ ነገር ይተዋል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ኢርፎኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ቢያንስ 15 ደቂቃ ከኬዙ ውጭ ይተዉት። ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

ላብ አይጎዳውም ተብሎ ተገዝቶ ተበላሸ

አይፒኤክስ (IPX) ዕቃው ውሃን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚያሳይ ደረጃ ነው። አይፒኤክስ 4 ማለት ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃ ይችላል ማለት ነው። 5 ከቱቦ የሚፈስ ውሃ ይችላል፤ 7 ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። ለጂም 4 ይበቃል፤ ብዙ ላብ ለሚወጣው ሰው 5 ይሻላል። ግን ፈተናው በንጹህ ውሃ እንጂ በጨዋማ ላብ አይደለም። ኬዙም ብዙ ጊዜ ይህ መከላከያ የለውም። ስቲምና ሳውና ይዘው አይግቡ፤ ቁጥሩ ስለ እንፋሎትና ሙቀት አይናገርም። ኮፒ ዕቃ ላይ የታተመውን ቁጥር ደግሞ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ሳይነኩት ሙዚቃው ይቆማል

በንክኪ የሚታዘዝ ኢርፎን ላይ የላብ ጠብታና የፎጣ ጫፍ እንደ ጣት ይቆጠራሉ። በኢርፎኑ አፕ ውስጥ ንክኪውን ያጥፉ። ለጂም ብለው የሚገዙ ከሆነ የሚጫን ቁልፍ ያለውን ይምረጡ።

ጆሮ ያሳክካል

የረጠበ ጆሮ ተደፍኖ ሲቆይ ቆዳው ይቆጣል። ጎማዎቹን አውልቀው በለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይጠቡ፣ በደንብ ያድርቁ፣ ለማንም አያውሱ። ሕመም ወይም ፈሳሽ ከመጣ ኢርፎኑን ተዉትና ሐኪም ያማክሩ።