ችፌ ሲያገረሽ ምግብን ፈትኖ መለየት

ለብዙ ዓመታት ቆዳዬን የሚያስቆጣው ወተት ነው ብዬ አምን ነበር። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ሲጋመሱ የክርኔና የጉልበቴ እጥፋት ይለሰልሳል፤ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ ግን ማሳከኩ ይመለስና በሦስተኛው ሌሊት አንሶላዬ ላይ የደም ነጠብጣብ አያለሁ። በጾሙ የተውሁት ትልቁ ነገር ወተትና ቅቤ ስለመሰለኝ ፍርዱን በእነርሱ ላይ አሳርፌ ስድስት ዓመት ወተት ሳልቀምስ ኖርሁ፤ ችፌው ግን በየፋሲካው መምጣቱን አልተወም። ኋላ በሐኪም ምክር እያንዳንዱን ምግብ ለየብቻው ስፈትን ወተቱ ምንም አላደረገኝም፤ የሚያስነሳብኝ በዶሮ ወጡ ውስጥ ያለው እንቁላል ሆኖ ተገኘ። ይህን መመሪያ የምጽፈው በድሬዳዋና በሐረር ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ሰዎች እንደ እኔ በግምት ብቻ ምግብ እየተዉ ዓመታት እንዳያልፉባቸው ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ችፌ ከምግብ ብቻ የሚመጣ ሕመም አለመሆኑ ነው። በዘር የሚወረስ የቆዳ መድረቅና መሳሳት፣ የሰውነት መከላከያ ከመጠን በላይ መቆጣት፣ ላብ፣ አቧራ፣ ሳሙናና ጭንቀት ተደራርበው ያመጡታል፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ምግብ የሚያባብሰው በተለይ ከባድ ችፌ ባለባቸው ሕፃናት ላይ ሲሆን በአዋቂዎች ላይ ግን ከሚገመተው ያነሰ ነው። ስለዚህ ምግብን መከልከል የሕክምናው ምትክ ሳይሆን በሕክምናው ላይ የሚጨመር አጭር ፈተና ነው።

ቆዳዎ ላይ ያለው ነገር ችፌ መሆኑንም በባለሙያ ያረጋግጡ። የቤቱን ሰው ሁሉ የያዘና ሌሊት የሚብስ ማሳከክ፣ በጣቶች መካከል ጥቃቅን ሽፍታም ካለው፣ እከክ ሊሆን ይችላል፤ ክብ ሆኖ ዳር ዳሩን እየሰፋ የሚሄድ ከሆነም ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በመድኃኒት እንጂ በምግብ አይድኑም። ስሜት ያጣና ነጣ ያለ ቦታ ካዩ ደግሞ አንድም ቀን አይቆዩ፤ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ በጊዜ ከተደረሰበትም ጉዳት ሳያደርስ በመድኃኒት ስለሚድን ወዲያውኑ መታየት ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያ እንደ ሁኔታው ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ወይም ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሊላኩ ይችላሉ።

ቀጥሎ ቆዳው መርገብ አለበት። እየደማና እየቆሰለ ባለ ቆዳ ላይ የምግብ ፈተና መጀመር ከንቱ ድካም ነው፤ የተሻለውንም የባሰውንም መለየት አይቻልምና። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ግርጌ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁላችንም እናውቃለን፤ እንዲህ ያለው ውሃ ከሳሙና ጋር ሲገናኝ አረፋው ያንሳል፣ ዝቃጩ ቆዳ ላይ ይቀራል፣ ያደርቃልም። ስለዚህ ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ብቻ ይታጠቡ፤ ሽታ ያለው ሳሙና ይተዉ፤ በፎጣ ሳያሹ እርጥበቱን ብቻ መጠጥ መጠጥ ያድርጉና በሦስት ደቂቃ ውስጥ ቫዝሊን ይቀቡ። ሐኪም ያዘዘው የስቴሮይድ ቅባት (የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ካለ በታዘዘው ልክ ይጠቀሙበት፤ ስሙ በማይነበብ ቱቦ የሚሸጥን ቅባት ግን በውስጡ ምን ያህል ኃይለኛ መድኃኒት እንዳለ ስለማይታወቅ በፍጹም አይንኩት።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። አንድን ምግብ በበሉ በደቂቃዎች ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከንፈር ወይም ዐይን የሚያብጥብዎ፣ ትንፋሽ የሚያጥርዎ፣ የሚያስመልስዎ ወይም ሰውነትዎ በድንገት ጉብ ጉብ የሚል ከሆነ ያንን ምግብ በቤትዎ አይፈትኑት። ይህ ሕይወት የሚያጠፋ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ፈተናው በሐኪም ፊት ብቻ መደረግ አለበት። ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ክብደታቸው የቀነሰ ሰዎችም በራሳቸው ውሳኔ ምግብ መተው የለባቸውም። የልጅዋን ጉንጭ አይታ እናት ወተቱንም እንቁላሉንም ስንዴውንም በአንድ ጊዜ የምትከለክል ከሆነ ልጁ ከችፌው ይልቅ በምግብ እጥረት ይጎዳል፤ ጡት ማጥባትም በዚህ ምክንያት መቋረጥ የለበትም።

ከዚህ በኋላ አንድ ደብተር ይግዙና ለሁለት ሳምንት ምንም ሳይተዉ የሚበሉትን ሁሉ ይጻፉ። ከምግቡ ጎን የበሉበትን ሰዓት፣ የማሳከኩን መጠን ከ0 እስከ 10፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ የቀኑን ሙቀትና ከአቧራ ወይም ከአዲስ ሳሙና ጋር መገናኘትዎን ያስፍሩ። ችፌ ምግቡን በበሉ በማግስቱ አልፎም በሁለተኛው ቀን ሊነሳ ስለሚችል፣ ትናንት የበሉት ካልተጻፈ ዛሬ ላይ የተቀመጠውን ምግብ በከንቱ ይወነጅላሉ። ከእኔ ደብተር አንዱን ገጽ ባሳይ፦ ዓርብ ቀን ሽሮና ጎመን፣ ማሳከክ 3፤ ቅዳሜ ቁርስ እንቁላል ፍርፍር፣ ማሳከክ 3፤ እሑድ ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ክክ ወጥ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ ማሳከክ 8። በዚያ እሑድ ዳቦውን ብከስ ኖሮ ተሳስቼ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እንቁላል፣ እሑድ እሑድ ማታ ማሳከክ መሆኑ የታየኝ ተመሳሳይ ገጽ ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ነው።

ደብተሩ ያመለከተውን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ምግብ ብቻ ይምረጡ። ችፌን በማባባስ ደጋግመው የሚጠቀሱት ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተር፣ ሰሊጥና ዓሣ ናቸው። ብዙ ሰው የሚጠረጥረው በርበሬ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አያመጣም፤ ፊትን አሙቆና አስልቦ ማሳከክን ይጨምራል እንጂ። የሎሚና የቲማቲም ጭማቂም በልጆች አፍ ዙሪያ መቅላት የሚያመጣው ቆዳውን በመንካቱ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ሲልጡ እጅዎ የሚሰነጠቅ ከሆነ መተው ያለብዎ መብላቱን ሳይሆን ያለ ጓንት መላጡን ነው። አንድ ጊዜ «ደምህን የሚያጠራው ይህ ነው» ተብዬ ከእንጀራ፣ ከጎመንና ከድንች በቀር ሁሉን ትቼ ነበር፤ በሦስት ወር ውስጥ ከስቼ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ እየመታ፣ ቆዳዬም ሳይሻል ቀረ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የተወ ሰው ቢሻለው እንኳ የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም።

የተመረጠውን ምግብ ለአራት ሳምንት ሙሉ በሙሉ ይተዉ። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር ፈተናውን ያበላሸዋል፤ ስለዚህ ተደብቆ የሚገኝበትን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። እንቁላል በፈጢራ፣ በኬክና ላዩ በሚያብረቀርቅ ዳቦ ላይ አለ። ወተት ከወተት ጋር በሚፈላው ሆጃ፣ በብስኩትና በቅቤ ውስጥ አለ፤ ንጥር ቅቤም ጥቂት የወተት ፕሮቲን ሊቀርበት ይችላል። ስንዴ ከዳቦው ሌላ በፓስታ፣ በመኮሮኒና በሳምቡሳ ቂጣ ውስጥ አለ፤ ከሱቅ የሚገዛ እንጀራም የተቀላቀለ ዱቄት ሊኖረው ስለሚችል በእነዚያ ሳምንታት እቤት የተጋገረ የጤፍ ወይም የማሽላ እንጀራ መብላት ይሻላል። ኦቾሎኒን የሚፈትን ሰው የባቢሌውን የኦቾሎኒ ቆሎ ከመተው በተጨማሪ የሚጠበስበትን ዘይት ምንነት መጠየቅ ይኖርበታል።

የተተወው ምግብ የሚሰጠው ጥቅም በሌላ መተካት አለበት፤ በዚህ ረገድ ምሥራቁ ታድሏል። የላም ወተት ለተወ ሰው በየጠዋቱ ሶማሌ እናቶች የሚያመጡት የግመል ወተት አለ፤ በላም ወተት ውስጥ ዋና አለርጂ አስነሺ ከሆኑት ፕሮቲኖች አንዱ፣ ቤታ ላክቶግሎቡሊን፣ በግመል ወተት ውስጥ የለም፤ የቀረውም ፕሮቲን ከላሙ ብዙ ስለሚለይ የላም ወተት የማይስማማቸው ብዙ ሰዎች ይጠጡታል። የፍየል ወተት ግን ከላም ወተት ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል ምትክ አይሆንም፤ ይህን ስሕተት በብዙ ቤት አይቻለሁ። የሚገዙት የግመል ወተት ከሌላ ያልተቀላቀለ መሆኑን ደንበኛዎን አስረድተው ይጠይቁ፤ ጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት ወደ ሰው የሚመጣ በሽታ ስለሚያስተላልፍም ሳያፈሉ አይጠጡት። እንቁላል የተወ ምስርና ባቄላ፣ የሚበላ ከሆነም ሥጋ ይጨምር።

አሁን ስለ ጾማችን ልናገር። ዐቢይ ጾም ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ በአንድነት የሚተዉበት ረጅም ጊዜ በመሆኑ ለሚጾም ሰው ግማሹን ፈተና ያለ ተጨማሪ ድካም ይሠራለታል። ሆኖም ሁለት ነገሮች ያሳስታሉ። አንደኛ፣ በጾም ጊዜ ዳቦ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ስለሚበዛ፣ የእነዚህ ችግር ያለበት ሰው በጾም ይብስበታል። ሁለተኛ፣ ጾሙ በየካቲት ተጀምሮ በሚያዝያ ሲያልቅ የድሬዳዋ ሙቀትም እየከረረ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የፋሲካው ማግስት ማሳከክ ከላብ ይሁን ከምግብ ካልተጠነቀቁ አይለይም። እኔ አንድ ዓመት ፋሲካን ሐረር ዘመድ ቤት ውዬ ሁሉንም በልቼ ደህና ሆኜ ነበርና ምግቡን ነጻ አወጣሁት፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ፣ ሐረር ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ መሆናቸውን፣ ቀዝቃዛው አየር ቆዳዬን እንደደገፈልኝ አላሰብሁም። በፈተናው ሳምንታት ከከተማ ከተማ አይዘዋወሩ። በረመዳን ወር ደግሞ የምግቡ ሰዓት ወደ ሌሊት ስለሚዞርና አፍጥር ላይ ብዙ ዓይነት በአንድነት ስለሚቀርብ፣ ለሚጾሙ ሙስሊሞች ፈተናውን ከዒድ በኋላ መጀመር የተሻለ ይመስለኛል።

ዋናው ሥራ ምግቡን መመለሱ ነው። ብዙዎቻችን የምንስተው እዚህ ላይ ነው፤ ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውን፣ እንቁላሉን፣ ቅቤውንና አይቡን በአንድ ማዕድ እንበላና የሁለት ወር ትዕግሥታችንን በአንድ ምሳ እናጠፋዋለን። ቤተሰብን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል፤ ለእኔ እናቴ ወጡን ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል በትንሽ ድስት ለየብቻ ትሠራልኝ ነበር። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም፣ በዓለ ሃምሳ ፈተናው ሳይቋረጥ የሚካሄድበት አመቺ ጊዜ ነው።

እንቁላልን ለመመለስ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት የተቀቀለ እንቁላል ሩቡን፣ በሁለተኛው ቀን ግማሹን፣ በሦስተኛው ሙሉውን ይብሉና ለተጨማሪ ሦስት ቀን ሌላ አዲስ ነገር ሳይጨምሩ ይጠብቁ። ወተት ከሆነ ከሁለት ማንኪያ ወደ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ብርጭቆ ይሂዱ፤ ስንዴ ከሆነም ከአንድ ቁራጭ ዳቦ ይጀምሩ። ጠዋት የሚደረገው ችግር ቢመጣ ሰውም ሕክምናም በቅርብ ስለሚገኝ ነው። ማሳከኩ በግልጽ ከጨመረ ያቁሙ፤ ቆዳው እስኪረጋ ጠብቀው አንድ ጊዜ ይድገሙት፤ በሁለቱም ጊዜ ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ እውቀት ተለውጧል። የአተነፋፈስ ችግር ወይም እብጠት ከታየ ግን መድገም የለም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

አራቱ ሳምንታት አልፈው ምንም ለውጥ ካልታየ ምግቡን ወደ ማዕድዎ ይመልሱት። ያለ ምክንያት ለረጅም ጊዜ የተተወ ምግብ ሰውነት ልምዱን አጥቶ ሲመለስ ከባድ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል፤ በተለይ በልጆች ላይ ይህ የታወቀ አደጋ ነው። ችግር ያለበት መሆኑ የተረጋገጠ ምግብም ቢሆን ለዘላለም የተከለከለ አይደለም፤ ብዙ ልጆች የእንቁላልና የወተት አለርጂያቸው ሲያድጉ ስለሚለቃቸው በየጊዜው ከሐኪም ጋር እንደገና ይታያል።

የሚቀረው የጉርሻ ነገር ነው። እኔ ሰው ቤት ስጠራ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ለእናት ወይም ለእኅት ቀስ ብዬ «እንቁላል ቆዳዬን ያስነሳብኛል፣ ወጡን ግን በደስታ እበላለሁ» እላለሁ። ማዕድ ላይ ከተባለ እንቢታ ይመስላል፤ ቀድሞ ሲነገር ግን እንቁላሉ ሳይገባ መረቁን ቀንሰው በሌላ ሳህን ያቀርቡልኛል። ከእንቁላል ጋር የበሰለ መረቅ እንደማይስማማኝ በፈተናው ስላወቅሁ፣ እንቁላሉ ቀድሞ ገብቶ ከሆነ ሲቻል ሌላ ወጥ እለምናለሁ፤ የማይቻል ከሆነ እንጀራውን በጎመንና በምስር በልቼ እመርቃለሁ፣ ያንንም ማታ በደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ።