የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ስትተረጉሙ

ባሕር ዳር ላይ የትርጉም ሥራ ከጀመርኩ ቆየሁ። የልደት ሰርተፊኬት፣ ትራንስክሪፕት፣ ውክልና ዓይኔን ጨፍኜ እሠራለሁ። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን (ከፕሮቴስታንት ወገን ናት) ደብዳቤ ሲመጣ ግን ዛሬም ቀስ እላለሁ። አንዴ ስቼ የአንዲት እናት ጉዳይ ስላጓተትኩ ነው።

ደብዳቤው ከአሜሪካ የመጣ ነበር። የፈረሙት ቄስ ከስማቸው ሥር «የዓመታዊ ኮንፈረንስ አባል» ይላል። እኔ «የዓመታዊ ስብሰባ ተሳታፊ» ብዬ ጻፍኩ። የተቀበለው ቢሮ «እኚህ ሰው ቄስ ናቸው ወይስ ስብሰባ የመጡ?» ብሎ መለሰው። እናትዬዋ ወረቀቱን ይዘው ሲመለሱ ፊታቸውን ማየት ከበደኝ።

ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ አጠናሁ። በአሜሪካው የተባበሩት ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ ኮንፈረንስ በዓመት አንዴ የሚደረግ ጉባኤ ብቻ አይደለም፤ በሥሩ ብዙ አጥቢያዎችን የያዘ አካባቢም ነው። የቄስ አባልነት የሚመዘገበው በሚያገለግልበት አጥቢያ ሳይሆን እዚያ ነው። ስለዚህ ስሙን እንዳለ «ኮንፈረንስ» ብላችሁ ተዉት።

መጀመሪያ የደብዳቤውን ራስጌ አይታችሁ አገሩን ለዩ። ሱፐርኢንቴንደንት የሚለው ማዕረግ እዚህ ላይ ያሳስታል። በእንግሊዝ የሰርኪት፣ ማለትም ሰባኪ የሚጋሩ አብያተ ክርስቲያናት ስብስብ፣ ኃላፊ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ከዚያ ሰፋ ያለውን ዲስትሪክት የሚመራ ነው። በእንግሊዝ ዲስትሪክቱን የሚመራው ሊቀመንበር ይባላል።

«ዲስትሪክት»ን ሀገረ ስብከት አትበሉት። እኛ አጥቢያ፣ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት እያልን ስላደግን እጃችን ወደዚያ ይሄዳል። አንባቢው ግን ሀገረ ስብከት ሲያይ ጳጳስ ይፈልጋል። የእንግሊዝ ሜቶዲስት ጳጳስ የለውም፤ ቄሶችን የሚመድበው በየዓመቱ የሚሰበሰበው ኮንፈረንስ ነው። በአሜሪካ ግን ጳጳስ አለ፣ መዳቢውም እሱ ነው።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሰርኪት ነው። መዝገበ ቃላት ወደ ኤሌክትሪክ ይወስዳችኋል። እኔ የገባኝ በጀልባ ነው። ጠዋት ከከተማው ወደብ ተነስቶ ክብራን ገብርኤልን፣ ቀጥሎ የዘጌ ገዳማትን አዳርሶ የሚመለሰውን አስቡ። ገዳማቱ በቦታቸው ናቸው፤ የሚዞረው ጀልባው ነው። በሜቶዲስት መሥራቹ በጆን ዌስሊ ዘመን የሜቶዲስት ሰባኪዎችም በፈረስ ከመንደር መንደር እንዲሁ ይዞሩ ነበር። የመጀመሪያው ኮንፈረንስ ለንደን ላይ በ1744 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲደረግ ጥያቄው ምን እናስተምር፣ እንዴት እናስተምር፣ ምን እናድርግ የሚል ነበር። ዛሬም በእንግሊዝ አንድ ሰርኪት ማለት ሰባኪ የሚጋሩ አብያተ ክርስቲያናት ስብስብ ነው። እኔ «የአገልግሎት ዙር» እለዋለሁ።

የስብከት ፕላን የሚባል ሰንጠረዥ አብሮ ከመጣ ደስ ይበላችሁ። በአንድ በኩል የአብያተ ክርስቲያናቱ ስም፣ በላይ የእሑዶቹ ቀን፣ በየሳጥኑ የሰባኪው ስም አለ። ሰውዬው በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ቢታይ ስህተት መስሏችሁ አታርሙ። ሎካል ፕሪቸር የሚለውንም «የሰፈር ሰባኪ» አትበሉ፤ ቅስና ሳይኖረው ሠልጥኖ እንዲሰብክ የተፈቀደለት ምዕመን ነው።

አጻጻፉ ላይ የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ስሙ በፊደላችን፣ ቀጥሎ ትርጉሙ በቅንፍ፣ ለምሳሌ «ሰርኪት (የአገልግሎት ዙር)»። ከዚያ በኋላ ስሙ ብቻ ይበቃል። ማኅተም ከመምታቴ በፊት ደግሞ ለባለጉዳዩ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለታለሁ። ያቺ እናት ሁለተኛውን ቅጂ ሲያደምጡ «አሁን ቄስ ሆኑ» አሉኝ። ያኔ ማኅተሙን አነሳሁ።