ያገለገለ ከባድ የጭነት መኪና ሲገዙ፦ አስተማማኝነቱን እንዴት ይመዝናሉ?

ያገለገለ ከባድ የጭነት መኪና ለመግዛት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው የምርት ዘመኑንና ዋጋውን ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ነገር ግን መኪናው ነገ ጭኖ ወጥቶ በሰላም ይመለስ እንደሆነ ብዙም አይነግሩም። ማዳበሪያና ስንዴ እየጫነ በአስፋልት ከጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ የአሥር ዓመት ደረቅ ጭነት መኪና፣ ከድንጋይ ካባ ጠጠር ሲያወጣ ከቆየ የአምስት ዓመት ገልባጭ የበለጠ ዕድሜ ሊቀረው ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መመለስ ያለበት መኪናው እስከ ዛሬ ምን ሲሠራ፣ በማንስ እጅ እንደኖረ ነው። ለማስረጃ የምጠቅሰው በመንገዶቻችን ላይ በብዛት የሚታየውን ሲኖትራክ ሆዎን ሲሆን፣ አብዛኛው ነገር ግን ለኢቬኮውም ለመርሴዲሱም ይሠራል።

የመኪናውን ያለፈ ሥራ ለማወቅ ሻጩን መጠየቅ ጥሩ ነው፤ ሾፌሩንና ረዳቱን ለየብቻ ማነጋገር ደግሞ ከዚያ ይሻላል፤ ምክንያቱም በየትኛው ዳገት ላይ ሙቀቱ እንደሚጨምርና ለመጨረሻ ጊዜ ለምን እንደቆመ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይሁንና መኪናው ራሱ ከሁሉም በላይ ይመሰክራል። አንዳንድ ገልባጮች የደረቅ ጭነት ካሶኒ (የጭነት ሳጥን) ተገጥሞላቸው ለሽያጭ ይቀርባሉ። እንዲህ ያለውን መኪና ከሥር ገብተው ሲመለከቱት ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጎን ገልባጩን ካሶኒ የሚያነሣው የሃይድሮሊክ ፖምፓ ተቀምጦበት የነበረው ቦታ በላሜራ ተከድኖ፣ ከጋቢናው ጀርባም የዘይት ታንከሩ ታስሮባቸው የነበሩ የብሎን ቀዳዳዎች ባዶ ሆነው ይገኛሉ። የሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው ዋና ብረት) የኋላ ጫፍ ላይ ደግሞ ካሶኒው ይታጠፍበት የነበረው ቦታ ተቆርጦ በቀለም ተሸፍኖ ሊያገኙት ይችላሉ። መኪናው ገልባጭ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው፤ ዋጋውም በደረቅ ጭነት ሒሳብ ሊጠየቅበት አይገባም።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን እንደ ማስረጃ አለመቁጠር ይሻላል። ይልቁንስ በእጅዎ ያስሉት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በወር ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ የሚሠራ መኪና 5,400 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት ወደ 65,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ መስመር ስምንት ዓመት ሠርቷል የተባለ መኪና ቆጣሪው 180,000 ላይ ከቆመ፣ ወይ ቆጣሪው ተቀይሯል ወይ የተነገረዎት ታሪክ እውነት አይደለም። የፍሪሲዮንና የፍሬን መርገጫዎቹ ጎማ አልቆ ብረቱ ከተወለወለ፣ የመሪው ቆዳም በሁለቱ እጆች መያዣ በኩል ለስልሶ ካበራ፣ መኪናው ቆጣሪው ከሚናገረው በላይ ሠርቷል።

የምርት ዘመኑን ከሻንሲ ቁጥሩ ያረጋግጡ። ቁጥሩ አሥራ ሰባት ምልክቶች ያሉት ሲሆን፣ በቻይና ለተሠራ መኪና የመጀመሪያው ምልክት «ኤል» የተባለው የላቲን ፊደል ነው። አሥረኛው ምልክት ዘመኑን ያሳያል፤ «ኤ» 2010፣ «ቢ» 2011፣ «ኤፍ» 2015፣ «ኤች» 2017 ሲሆን፣ «አይ» ስለማይገባ «ጄ» 2018 ይሆናል፤ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። ቁጥሩ ባለበት ቦታ ዙሪያ ብረቱ ከሌላው የተለየ ልሙጥ ከሆነ፣ የቅርብ ጊዜ ቀለም ካለው ወይም የብየዳ ምልክት ከታየበት ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ ድርድሩን ማቆም ይገባል። የሞተር ቁጥሩም እንዲሁ ይታይ፤ ሞተሩ ተቀይሮ ከሆነ ለውጡ በሕጋዊ መንገድ ሊብሬው ላይ መስፈር አለበት።

ሞተሩን የሚያዩበት ሰዓት ማለዳ ይሁን፤ ሻጩም እርስዎ ከመድረስዎ በፊት እንዳያስነሣው አስቀድመው ይንገሩት። ሲደርሱ በመጀመሪያ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያሳርፉ። ሞቅ ብሎ ከጠበቀዎት የቀዝቃዛ ሞተር አነሣሥ እንዳያዩ ተፈልጓል ማለት ስለሆነ ሌላ ቀን ይመለሱ። ቀዝቃዛ ከሆነ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ዘይቱን በጣትዎ መካከል ያሹት። የናፍጣ ሞተር ዘይት መጥቆሩ ያለ ነው፤ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት፣ የናፍጣ ሽታ ያለው ወይም ውሃ ገብቶበት እንደ ቡና በወተት የነጣ ዘይት ግን የከባድ ወጪ ምልክት ነው። ለምርመራው ዕለት የተቀየረ ንጹሕ ዘይትም ራሱ ጥያቄ ሊያስነሣ ይገባል፤ የተቀየረው መቼና ለምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ከዚያ ሞተሩ ይነሣ። በአዲስ አበባ ማለዳ ቅዝቃዜ ደህና ናፍጣ ሞተር ጥቂት ዞሮ ይነሣል፤ ለአጭር ጊዜ ነጣ ያለ ጭስ ቢያወጣም ሲሞቅ ይጠራል። ከሞቀ በኋላ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ሳያነሡት እንዳለ አፉ ላይ ያስቀምጡት። ጥቂት ትንፋሽ መኖሩ የተለመደ ነው፤ ክዳኑን እየገፋ የሚያንቀጠቅጥና እንደ ጭስ ማውጫ የሚተነፍስ ከሆነ ግን ፋሻውና ካሚቻው (የፒስተኑ ቀለበቶችና የሲሊንደሩ ውስጠኛ ሽፋን) አልቀዋል፤ ሞተሩ መውረድ አለበት ማለት ነው። በዚህ አንድ ፍተሻ ላይ ጊዜ መውሰድን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፣ ሻጩም ሊያስመስለው የሚችለው በብዙ ድካም ነው።

የጭሱን ቀለም ሲመዝኑ ያሉበትን ከፍታ አይርሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው ለአፍታ የሚጠቁር ጭስ እዚህ ያለ ነገር ነው። አሳሳቢው ጥቁሩ ጭስ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው፤ ያኔ ኖዝሉ (ናፍጣውን የሚረጨው)፣ የናፍጣ ፖምፓው፣ ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ወይም የታፈነ አየር ማጣሪያ ይጠረጠራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላት ነው። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውሃ እየቀነሰ ከሄደ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው።

የማቀዝቀዣው ሥርዓት ከሌላው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በመስመራችን ላይ አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ውስጥ ከደጋው ቅዝቃዜ ወደ አፋር ሙቀት ይወርዳል፣ ጭኖም ይመለሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ውሃው ከዚያ በላይ ሞቆ እንኳ እንዳይፈላ የሚያደርገው የሥርዓቱ ክዳን ግፊቱን መያዙ ነው። ስለዚህ ጎማው ያለቀ ወይም በጨርቅ የታሰረ የራዲያተር ክዳን የቸልተኛ ባለቤት ምልክት ነው። ክዳኑን ሞተሩ ሲበርድ ብቻ ይክፈቱ። ውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ወይ ጓርኒሲዮኑ (በሲሊንደሩና በክዳኑ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይ የዘይት ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል። በሆዎው 9.7 ሊትር ሞተር ስድስቱም ሲሊንደሮች የየራሳቸው ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን) ስላላቸው የአንዱ ችግር ሌሎቹን ሳያወርዱ ሊጠገን ይችላል፤ ይህም ለዚህ ሞተር የሚነገርለት እውነተኛ ጥቅም ነው።

ከዚሁ ጋር የነዳጅ ሥርዓቱን ዓይነት ይለዩ። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠሩት ቀደምት ሞተሮች በየከተማው ባለሙያ አያጡም። ኮመን ሬይል የተባለው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ሥርዓት ያላቸው ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ነገር ግን ውሃና ቆሻሻ ያለበት ናፍጣ ፈጥኖ ይጎዳቸዋል፣ ብልሽታቸውንም ለማወቅ የኮምፒውተር ምርመራ ያስፈልጋል። አንድ መኪና ብቻ ይዞ ሥራ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት እመርጥለታለሁ።

ባዶ መኪና በሜዳ ላይ ነድቶ መግዛት ብዙ ሰው የሚከስርበት ነገር ነው። ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ እውነቱን የሚናገሩት ጭነት ሲሸከሙ ነው። ሻጩን አስፈቅደው በተጫነበት ቀን አብረው ይውጡ፤ የጭነቱን ወጪ እንኳ ቢጋሩ ኪሳራ የለውም። ዳገት ላይ ከፍ ባለ ማርሽ ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ማርሽ ራሱን ወደ ባዶ የሚመልስ ከሆነ ካምቢዮው መከፈት አለበት። ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ከኋላ «ኳ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ክሮቼራው (ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ መጋጠሚያ) ወይም የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ላልተዋል። ከጉዞው እንደተመለሱ የየጎማውን ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን መካከለኛ ብረት) በጥንቃቄ ቀረብ ብለው ይፈትሹ፤ ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል አንድ ሞዞ ካለ ኩሽኔታው ወይም የተያዘ ፍሬን አለበት።

ፍሬኑን በቆመበት ለመፈተሽ የአየር መለኪያው ወደ 8 ባር እስኪደርስ ሞተሩን ያስነሡ፤ ከዚያ አጥፍተው፣ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፈው፣ የእግር ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጠው ለሦስት ደቂቃ ያህል ይያዙ። መርፌው ሲረገጥ ጥቂት ወርዶ መቆም አለበት። በየደቂቃው ከ0.3 ባር በላይ መውረዱን ከቀጠለ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ፤ ጸጥ ባለ ግቢ ውስጥ ረዳትዎ ከሥር ሆኖ ፉጨቱን ተከትሎ ሊያገኘው ይችላል። ቀጥለው ፍሬኑን ደጋግመው እየረገጡ አየሩን ያውርዱ፤ 5.5 ባር ገደማ ሲደርስ ማስጠንቀቂያው መብራትና መጮህ አለበት። ገመዱ የተቆረጠ ማስጠንቀቂያ አግኝተው እንደሆነ ባለቤቱ ለፍሬን ያለውን አመለካከት ዐውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ የፍሬኑ ሸራና ሸራው የሚይዘው ታምቡር ብቻ ሳይሆኑ በጭስ ማውጫ በኩል የሚሠራው የሞተር ፍሬን መሥራቱ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ እርሱንም ሳይሞክሩ አይለፉ።

ሻንሲውን ሲመረምሩ መኪናው ታጥቦ ይምጣ፤ የእጅ ባትሪም ይያዙ። ስንጥቅ የሚጀምረው የባሌስትራው (ክብደቱን የሚሸከመው የተደራረበ ስፕሪንግ) ማቀፊያዎች በተያያዙበት፣ ከጋቢናው ጀርባና ተሳቢው በሚያያዝበት አካባቢ ነው። በሻንሲው ርዝመት ላይ የተለጠፈ ተጨማሪ ብረት ወይም የቆየ ብየዳ ካዩ መኪናው ከአቅሙ በላይ ሲጭን እንደኖረ ይገመታል። የጋቢናው ስቱኮ (ከቀለም ሥር የሚለጠፍ መሙያ) ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ጉዳይ ነው።

ጎማው በዋጋ ድርድሩ ላይ ከባድ ሚዛን አለው። አሥር ጎማ ያለው መኪና ባለ ሦስት አክስል ተሳቢ ሲጎትት ከነተሳቢው ሃያ ሁለት ጎማ ይሆናል። በጎማው ጎን ላይ ያለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያል፤ «2319» በ2019 (እ.ኤ.አ.) በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ገና የሆነ ግን ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በበረሃ ሙቀት አያደርስም። የፊት ጎማዎች በአንድ ጎን ብቻ ካለቁ ደግሞ የመሪውን ኳሶችና የፊት አክስሉን ይመርምሩ። መቀየር ያለባቸውን ጎማዎች ቆጥረው፣ ባትሪውንና ፍሪሲዮኑን ጨምረው በዕለቱ የሶማሌ ተራ (የአዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ) ዋጋ አስልተው ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ያንሡ።

ይህን ሁሉ ብቻዎን አይሥሩት። በዚያው ዓይነት መኪና ላይ የሚሠራ፣ ከሻጩም ከደላላውም ጋር ትውውቅ የሌለው ሜካኒክ ይዘው ይሂዱ፤ ክፍያውንም መኪናው ተገዛም አልተገዛም የማይለወጥ ያድርጉለት። ክፍያው በሽያጩ ላይ የተመሠረተ ሰው ምክሩም ወደ ሽያጩ ያዘነብላል።

የሰነዱ ጉዳይ ከሞተሩ አያንስም። ሊብሬው በሻጩ እጅ መሆኑን ይመልከቱ፤ «ባንክ ነው» ከተባለ ብድሩ ሳይዘጋ ገንዘብ አይስጡ። በ2011 ዓ.ም በወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት የዋስትና መዝገብ ስላለ መኪናው በመያዣነት ተመዝግቦ እንደሆነ ይጣራ፤ ከመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እግድ እንደሌለበት ይጠይቁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ተመሳሳይ መብት ለሌለው ሰው ሊተላለፍ አይችልም። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን መስጠቱንና አለመሻሩን ያረጋግጡ፤ ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ለመሸጥ ሥልጣን ያለው አካል ውሳኔ ያስፈልጋል። ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም።

ቀብድን በተመለከተ በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ተብለው ቢቸኩሉ እንኳ ከፍተሻው በፊት ቀብድ አይስጡ። መስጠት ግድ ከሆነብዎት በጽሑፍ ይሁን፤ መኪናው በተጫነበት ተፈትሾ ጉድለት ከተገኘበት ቀብዱ እንደሚመለስም ይጻፍበት።

ከተረከቡ በኋላ ለመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ከመውጣትዎ በፊት የሞተሩን፣ የካምቢዮውንና የዲፈረንሻሎቹን ዘይት ከነማጣሪያዎቹ ይቀይሩ፤ ከየኮፓው (ከየዘይት መያዣው) የወጣውንም ዘይት በንጹሕ ሳፋ አጠራቅመው ለሜካኒክዎ ያሳዩት። የመጀመሪያውን ጉዞ ከመኪናው ሙሉ አቅም በታች ጭነው ቅርብ ቦታ ያድርጉት፤ የዘይቱንና የውሃውን መጠን ሲወጡም ሲመለሱም ለክተው በደብተር ይመዝግቡ።